ሩብ ኪኒን

«የሰው መድኃኒት አይደል እንዴ? ሰው እየዋጠው የሚድንበት ነገር ድመትን ምን ያደርጋታል? ትንሽ ፍጥረት ናት፤ በትንሹ ስጧት።»

ስለ ታመመች ድመት ከሚነገሩት ነገሮች ብዙዎቹ ቢበዛ ያስቃሉ ወይም ያሰለቻሉ። ይኼኛው ግን ይገድላል። የሚገድለውም በክፉ ሰው እጅ አይደለም፤ ድመታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ሲያባብሉ በሚያድሩ ሰዎች እጅ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በሰፈራችን ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ጎረቤት አሉን። ቀይ ወንድ ድመት ነበራቸው። ከሌላ ድመት ጋር ተናክሶ መጣ፤ የተነከሰበት መግል ቋጠረ፤ ትኩሳት ያዘው፤ መብላት ተወ። ይህ ለእንስሳት ሐኪም በጣም የተለመደ ጉዳይ ነው። እባጩ ይከፈታል፣ መግሉ ይወጣል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ የሚስማማው አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድመቱ ወዲያው ወደ ምግቡ ይመለሳል። እትዬ ግን የእንስሳት ሕክምና ውድ ነው ሲባል ስለሰሙ ወደ ፋርማሲ ሄዱ። ከባንኮኒው ጀርባ የነበረው ልጅ ፓራሲታሞል አውጥቶ «ሩቡን ጠዋትና ማታ» አላቸው። ማታ አንድ ሩብ ሰጡት፤ ጠዋት ሌላ ሩብ። ከዚያ በኋላ ፊቱ አበጠ፣ ድዱ የተፈላ ቡና መሰለ፣ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ። ያን ቀን አልተሻገረም። እሳቸው እስከ ዛሬ «በቁስሉ ሞተ» ነው የሚሉት። እኔም ፊት ለፊት ላርማቸው አንጀቴ አልቻለም። ለፋርማሲው ልጅ ግን ነገርኩት። «ለሕፃን የምንሰጠው ነገር ነው እኮ!» ሲል ነው የመለሰልኝ።

ለዚህ እምነት የሚገባውን ፍርድ አስቀድመን እንስጠው። ጭራሽ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸው ለድመት ከሚያዟቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከሰው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚወርዱ ናቸው። የደም ግፊቷ ለጨመረ ድመት የሚታዘዘው አምሎዲፒን አባቶቻችን ከሚወስዱት ጋር አንድ ነው። ሚርታዛፒን የተባለው የሰው የድባቴ መድኃኒት ለድመት የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅስላታል። በቆጵሮስ ደሴት ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ድመቶች በኮሮና ቫይረስ ዓይነት (በሰው ኮቪድ አይደለም፤ የድመት የራሷ ነው) ሲያልቁ፣ መንግሥት ለሰው ኮቪድ የተገዛውንና በመጋዘን የተረፈውን ሞልኑፒራቪር አውጥቶ ለድመቶች እንዲሰጥ ፈቅዷል። እንዲያውም ብዙዎች ዳኑ። ስለዚህ አንድ ኪኒን የሰው ስለሆነ ብቻ ለድመት መርዝ ነው የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል። የቆጵሮሱ መድኃኒት ግን የተሰጠው በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በክብደት ተሰልቶ፣ ምርመራ ተደርጎ ነው። ባንኮኒ ላይ በጥፍር ተቆርሶ አይደለም።

አሁን ስሌቱን እንይ። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሲውጥ፣ በእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ የሚደርሰው 8 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ሩቧን ስትወስድ ግን በኪሎ 31 ሚሊ ግራም ይደርሳታል። «በትንሹ» የተባለችው ያቺ ቁራሽ ሙሉ ኪኒን ከዋጠው ሰው ጋር ስትነጻጸር አራት እጥፍ ገደማ ናት ማለት ነው። በድመት ላይ የመመረዝ ምልክት ደግሞ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ብቻ ሲወሰድ እንኳ ታይቷል። «እንግዲያው የልጆቹ ሽሮፕ ይሻላል» የሚል አለ። በተለመደው የልጆች ሽሮፕ አንዲት ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ 120 ሚሊ ግራም ትይዛለች። ያው ሩብ ኪኒን በስኳር ተቀባ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

ሩቡን ወደ ሩብ ሩብ ብናወርደውስ? አሁንም አይሆንም። ምክንያቱ ጉበት ውስጥ ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞል ሲደርሰው አብዛኛውን ግሉኩሮኒክ አሲድ ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ያጣብቀውና በሽንት ያስወጣዋል። ይህን የማጣበቅ ሥራ የሚሠራው ዋነኛው ኢንዛይም የሚመረትበት ዘረ መል በድመት ውስጥ የተበላሸ ነው፤ አለ፣ ግን አይሠራም። የቤቷ ድመት ብቻ አይደለችም እንዲህ የሆነችው። አንበሳም፣ ነብርም፣ አቦሸማኔም ያው ናቸው። ሥጋ ብቻ እየበላ የኖረ ዘር በዕፅዋት ውስጥ ያለውን መርዝ ማርከሻ ብዙም ስለማያስፈልገው በረጅም ዘመን ውስጥ ጠፍቶበታል ብለው ተመራማሪዎች ያስባሉ። መውጫ ያጣው መድኃኒት በሌላ መንገድ ሄዶ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ቀይ የደም ሴሎችን ያጠቃል። እዚህም ላይ ድመት አልታደለችም። ደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ለእንዲህ ያለው ጥቃት የተጋለጡ ስምንት ቦታዎች አሉት፤ የሰው ሁለት ብቻ ነው። ደሟ ቡናማ ይሆናል፤ ሳንባዋ አየር እየሳበ አካሏ ኦክስጅን ያጣል። አፏን ከፍታ የምትተነፍሰው ለዚህ ነው።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መድኃኒቱን በወሰደች ከአራት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መደበት፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ማስመለስ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የፊትና የመዳፍ እብጠት፣ የድድ መገርጣት ወይም ወደ ግራጫና ቡናማ መለወጥ። ማርከሻ አለው፤ አሴቲልሲስቲን ይባላል፤ ለሰውም ፓራሲታሞል ሲበዛበት የሚሰጠው እሱው ነው። በቶሎ ከተደረሰ ያድናል። ስለዚህ ሰጥታችኋት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሰጣችሁ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ጨው በውኃ በጥብጦ ለማስመለስ መሞከር ደግሞ በመርዝ ላይ ሌላ መርዝ መጨመር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ታይሌኖል ፓራሲታሞል ነው። ፓናዶልም ፓራሲታሞል ነው። ብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። «እኔ ፓራሲታሞል አልሰጠኋትም፣ ታይሌኖል ነው የሰጠኋት» ያለኝ የተማረ ሰው አጋጥሞኛል። አድቪል፣ ማለትም አይቡፕሮፌን፣ እንዲሁም በየቤቱ የማይጠፋው ዲክሎፌናክ በሌላ በር ይገባሉ፤ የድመትን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቷን ያደክማሉ። ነጭ ሽንኩርት «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በቅቤ ተለውሶ የሚሰጣት ድመትም አለች። እሱም ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል፤ ቀይ ሽንኩርትም እንደዚሁ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫና የመዥገር ማጥፊያ ከሆነና ውስጡ ፐርሜትሪን ካለ፣ ለውሻው ምንም ሳይለው ድመቷን በመንቀጥቀጥ ሊገድላት ይችላል። ድመት ትንሽ ሰውም ትንሽ ውሻም አይደለችም።

የሰው ኪኒን ስጧት የሚል ምክር ለሚሰጡ ሰዎች ትዕግሥት ይኖረኝ ዘንድ ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም። እንደ እትዬ ያሉ እናቶች በተስፋ መቁረጥ የሚያደርጉትን እረዳለሁ። ነጭ ጋውን ለብሶ «አላውቅም፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ» ማለት ያቃተውን ግን አልረዳም። ቲክቶክ ላይ ድመት አቅፎ መጠን እየቆረጠ የሚያዘውንም እንዲሁ። «አላውቅም» ማለት ገንዘብ አያስከፍልም።

የነገሩ ሥር ግን ወደ ገንዘብ ይመለሳል። እትዬ ወደ ፋርማሲ የሄዱት ሞኝ ስለሆኑ አልነበረም። ሁለት ነገር ነው የገፋቸው። አንደኛው ዋጋ ነው። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና የተገነባው በከብት ዙሪያ ነው፤ በአፍሪካ በከብት ብዛት አንደኛ የሆነ አገር ይህን ማድረጉ አያስወቅስም። ቢሾፍቱ ላይ በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ኮሌጅ የሆነው፣ ሐኪም ሲያስመርቅ ከፊቱ ያለው ሥራ በሬው፣ በጉና ዶሮው ነው። ለድመትና ለውሻ የተከፈቱ ክሊኒኮች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ። መድኃኒቱ፣ ክትባቱ፣ የላቦራቶሪው ኬሚካል ከውጭ ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሐፍረት ነው። «ሰው እየተራበ ለድመት?» የሚለው ቃል ከዋጋው ይብሳል። ይህን የሚለው ሰው አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ለጥሬ ሥጋና ለቢራ ያወጣውን አይቆጥርም። ሐፍረቱ ሰውን ተደብቆ እንዲያክም ያደርገዋል። ተደብቆ ማከም ማለት ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ኪኒን ማውጣት ነው።

ሐኪም ቤት ከተገባ በኋላም ይሉኝታ አይለቀንም። ሐኪሙ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ግሉኮስ፣ ማስተኛት እያለ ሲዘረዝር «እሺ ዶክተር» እያልን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ከፍለን እንጠፋለን። አንቲባዮቲኩ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ድመቷም ሳትድን ትቀራለች፣ «ገንዘቤን በላው» የሚል ወሬ ይነዛል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በር ላይ «ዶክተር፣ ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ምን እናስቀድም?» ማለት ይሻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው፦ ጥሩ ሐኪም ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በእጁ ሆዷን ዳብሶ፣ ትኩሳቷን ለክቶ፣ ድዷን አይቶ፣ ክብደቷን መዝኖ ብቻ ብዙ ነገር ያውቃል። የትኛው ምርመራ ውሳኔውን እንደሚለውጥ፣ የትኛው ደግሞ ለማወቅ ያህል ብቻ እንደሆነ ጠይቁት። «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን የምናደርገው ነገር ይለወጣል ወይ?» በሉት። የማይለወጥ ከሆነ ያ ምርመራ ሊቀር ይችላል። የኩላሊት ሕመም ላለባት ድመት ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠትን የመሰለው ሥራ ባለቤቱ ተምሮ ቤት ውስጥ የሚያደርገው ነው፤ በየጊዜው ክሊኒክ ከመመላለስ ያድናል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭንቀት አለባችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ድመት ይዞ የገባ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር የተጻፈበት ግምት ሊቀርብለት ይችላል። ግምቱ በጽሑፍ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ተለይቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየማችሁም። የእንስሳት ኢንሹራንስ ደግሞ አስቀድሞ የነበረ ሕመምን በአብዛኛው አይሸፍንም። ድመቷ ከታመመች በኋላ መመዝገብ ለዚያ ሕመም ጥቅም የለውም፤ የሚገባው ጤነኛ ሳለች ነው።

ከዚህ በታች ያሉት እምነቶች የፓራሲታሞሉን ያህል ባይገድሉም ጊዜ ያስበላሉ። ጊዜ ደግሞ ለታመመች ድመት ገንዘብ ነው፤ ዛሬ በጥቂቱ የሚታከመው ከሦስት ቀን በኋላ በብዙ አይታከምም።

«ቢያማት ትጮህ ነበር» ይባላል። አትጮህም። ድመት አዳኝ ብትሆንም ራሷም ትታደናለች፤ ድክመቷን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። የሚነግራችሁ ፊቷ ነው። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተዘርግተዋል ወይ፣ ዓይኖቿ ጨፈን ብለዋል ወይ፣ አፍንጫና አፏ ዙሪያ ተወጥሯል ወይ፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይ፣ ራሷ ከትከሻዋ ዝቅ ብሏል ወይ። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት ይሰጣል፤ ድምሩ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታገሻ ሳያስፈልጋት አይቀርም። ይህን ማንም ሰው በነጻ ቤቱ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል።

«እያንኮራፋች ነው፣ ደህና ናት» የሚለውም ያው ነው። ድመት ደስ ሲላት ታንኮራፋለች፤ ስትሠቃይም፣ ስትወልድም፣ ልትሞት ስታጣጥርም ታንኮራፋለች።

«ሲርባት ትበላለች» አደገኛ ነው፤ በተለይ ወፍራም ለሆነች ድመት። ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ሰውነቷ ስቡን እያቀለጠ ወደ ጉበት ይልከዋል፣ ጉበቷ በስብ ይታፈናል። በሌላ ነገር የጀመረው ሕመም በጉበት ይጨርሳታል። አንድ ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰችን ድመት ሐኪም ሊያያት ይገባል። እስከዚያው ምግቧን ለብ አድርጉት፤ ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነውና ሽታው ሲወጣ አንዳንዴ ትቀምሳለች። በግድ አፏ ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል።

«ወንዱ ድመት ሆዱ ደርቆ ነው የሚያምጠው።» እባካችሁ ልብ በሉ፦ አሸዋው ላይ እየተመላለሰ የሚያምጥ፣ የሚጮህ፣ ብልቱን የሚልስ፣ ሽንት ግን ጠብ የማይለው ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ደሙ ውስጥ ፖታሲየም እየተጠራቀመ ልቡን ያቆመዋል፤ ይህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው የሚሆነው። ዘይት ማጠጣት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ የቀብር ዝግጅት ነው። ነገ ጠዋት የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

«መርዝ ከበላች ወተት አጠጧት።» ወተት መርዝ አያረክስም። የአይጥ መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ በቪታሚን ኬ ይታከማል፣ ሕክምናው ግን ለሳምንታት ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሐኪሙ የሚፈልገው ወተታችሁን ሳይሆን የመርዙን ማሸጊያ ነው። በነገራችን ላይ ጤነኛ ከሆኑትም ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ የወተቱን ስኳር መፍጨት አይችሉም፤ ለታመመችው ተቅማጥ ትጨምሩባታላችሁ።

«ሆዷ ውኃ ከቋጠረ አበቃላት።» ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ያለ ሰው ትክክል ነበር። የቆጵሮስ ድመቶችን የጨረሰው በሽታ፣ ኤፍ አይ ፒ የሚሉት፣ የሞት ፍርድ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የእነ ኒልስ ፒደርሰን ቡድን ጂ ኤስ 441524 የተባለ መድኃኒት አብዛኞቹን ታማሚዎች እንዳዳነ አሳየ። አሜሪካ ውስጥ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ በሕጋዊ መንገድ ይገኛል። የተለመደው ሕክምና 84 ቀን ነው፣ ርካሽም አይደለም። ሆድ ውኃ የሚቋጥርበት ሌላም ምክንያት ስላለ ሳይመረመር ተስፋ መቁረጥም፣ ሳይመረመር መድኃኒት መግዛትም ስህተት ነው።

«ድመቷ ከቤት አትወጣም፣ ክትባት ምን ያደርግላታል?» የድመት ልጆችን በትውከትና በተቅማጥ የሚፈጀውን ፓንሉኮፔኒያ በጫማችሁ ተሸክማችሁ ታስገቡታላችሁ፤ ቫይረሱ ወለል ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንድ ጊዜ ከያዛት ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲታይ የክትባቱ ዋጋ ኢምንት ነው።

«የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ነው።» የድመትም ነው። ለማዳ የነበረች ድመት ድንገት ጠባይዋ ተለውጦ ብትነክሳችሁ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ስለ ድመቷ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከባድ ነው፤ ተረትና እውነታ ብሎ መክፈልም አይመችም። ሕክምናው የማይሆን ሲሆን፣ ወይም የሚሆን ሆኖ አቅም ሲያጥር፣ ሐኪሙ «እናሳርፋት» ይላል። አንዳንዱ «ነፍስ ማጥፋት ነው፣ ፈጣሪ በጊዜው ይውሰዳት» ይላል። ይህን በሚያህል ነገር ላይ ለማንም ሕሊና መልስ አለኝ አልልም፤ ራሴም ሐሳቤ ተቀያይሯል። ገንዘቡ ለልጅ ትምህርት ቤት ይሁን ወይስ ለድመቷ ቀዶ ጥገና የሚለውንም እኔ አልወስንላችሁም፤ ለልጁ ያለ ሰውን ጨካኝ የሚል ካለ ግን ሒሳቡን እሱ ይክፈል። የሚረዳ ነገር አለ፤ አሊስ ቪያሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት የካንሰር ሐኪም ያዘጋጁት ሰባት ጥያቄ። ሕመሟን ተቆጣጥረነዋል? ትበላለች? ሰውነቷ ውኃ አላጣም? ንጽሕናዋን መጠበቅ ይቻላል? የምትደሰትበት ነገር አላት? ትንቀሳቀሳለች? ጥሩ ቀኖቿ ከመጥፎዎቹ ይበልጣሉ? ቀን መቁጠሪያ ላይ በየዕለቱ ምልክት ማድረግ በስሜት ብቻ ከመወሰን ያድናል።

እርግጠኛ የሆንኩበት ግን አለ። የታመመችን ድመት በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ገበያ ዳር ወይም ወንዝ አጠገብ መጣል «ለፈጣሪ መተው» አይደለም። ለውሻና ለረሃብ መተው ነው። ይህን የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች ማሳረፍ ኃጢአት ነው የሚሉት ራሳቸው መሆናቸው ይገርመኛል። ማሳረፉ በሥርዓቱ ሲደረግ መጀመሪያ የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣታል፤ ከተኛች በኋላ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ በደም ሥሯ ይገባል፤ ልቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። አጠገቧ መሆን ትችላላችሁ። የሚያሳዝነው ብዙው ሰው የዚህን ዋጋ የሚጠይቀው ያለውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ለእሱም የሚከፍለው አይኖረውም። ከሕክምናው ዋጋ ጋር በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ጠይቁት፤ ሐኪሙ አይታዘባችሁም።